ሳይሰደቡ መናቅ፦ ለአንዲት አስተናጋጅ ምን ልበላት?

የሐይቅ ዳሯ (ሰኞ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ውስጥ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቦታ አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት አስተዳድራለሁ። ባለቤቷ እኔ አይደለሁም፤ ሠራተኛ የምቀጥረውም የምቆጣውም ግን እኔ ነኝ። ምክር የፈለግሁት ስለ አንዲት አስተናጋጅ ነው።

ልጅቷ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከገጠር ወረዳ የመጣች ናት። ስትመጣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ሳቋ ከወጥ ቤት እስከ በረንዳው የሚሰማ ነበር። ትእዛዝ ሳትጽፍ ትይዛለች። ስድስት ሰው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ማን ቆሮሶ ጥብስ፣ ማን የዓሣ ጉላሽ እንዳዘዘ አይጠፋትም። አሁን ያቺ ልጅ የለችም። የምትናገረው ለያዘችው ትሪ ነው። ደንበኛ ሲጠራት ምንም ሳታጠፋ ከመልሷ በፊት «ይቅርታ» ይወጣታል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ባለፈው ሳምንት «እትዬ፣ እኔ ለዚህ ሥራ የምሆን አይመስለኝም» አለችኝ።

የሰደባት ደንበኛ የለም፤ ይህን አጣርቻለሁ። የማየው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ፊቱን ሳያዞር ባዶ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ያወዛውዝላታል። ሌላው ያጨበጭባል። አንዷ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች የምግብ ዝርዝሩን በጣቷ ነክታ ዝም ትላለች። ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ አይተዋት እርስ በርስ የሚጠቃቀሱ አሉ። እጇ ተዘርግቶ እያለ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ የሚወረውሩም አሉ። ለፍቼ ጫምባላላ ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ውላ ፊቷን ያያት ሰው አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንሁም።

«ናቂያቸው» ብያታለሁ። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እሺ» ትልና ትሄዳለች፤ ምንም አይለወጥም። እንዲህ ያለው ነገር ሰውን ይህን ያህል የሚያኮማትረው ለምንድን ነው? እኔስ ምን ብላት ይሻላል?

የአሮጌ ገበያው

ልጄ፣ በዚህ ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል። የአስተናጋጅነት ጠባይ ነው፤ ትለምደዋለች። ደንበኛ የሚመጣው ሊበላ እንጂ ሊያጫት አይደለም፤ ፊቷን አይቶ ምን ያደርግለታል? እኛ ያደግነው በኩርኩምና በአርጩሜ፣ «አንተ የማትረባ» እየተባልን ነው፤ ይኸው ሞተን አልቀረንም። የዛሬ ልጅ በግልምጫ ይታመማል።

ባለሦስት እግር

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ለምጄዋለሁ» ማለትና «አይነካኝም» ማለት ይለያያሉ። ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ከመናኸሪያ ወደ ጥቁር ውሃ በሚወስደው መንገድ እሠራለሁ። ስድብ ደርሶብኛል። ስድብ እንዲያውም ይሻላል፤ የሰደበኝ ሰው ቢያንስ እዚያ መኖሬን ያውቃል። መልስ ይሰጠዋል፤ ባይሰጠው ማታ ለጓደኛ ይወራና ይሳቅበታል። ከኋላዬ ተቀምጠው የባጃጅ ነጂ ሁሉ ሌባ መሆኑን እያወሩ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም እንኳ ወሬያቸውን የማያቋርጡትን ግን ምን ብዬ እመልስላቸዋለሁ? አልሰደቡኝማ!

በሌላ በኩል እናቶች አሉ። ዘንቢላቸውን አውርጄ ሳቀብላቸው «ተባረክ ልጄ፣ ከክፉ ይሰውርህ» ይላሉ፤ ሲሉም ፊቴን ያያሉ። ጠዋት አንዲት እንዲህ ያለች እናት ከገጠመችኝ ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመኝ እንኳ አልነጫነጭም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተማሩ ካሉ ያስረዱን።

መምህርት

የሥነ ልቦና ትምህርት አስተምራለሁ። «ለምንድን ነው» ለሚለው ልሞክር፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት ብቻውን ቁጭ ብሎ አያመርተውም። ቻርልስ ሆርተን ኩሊ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1902 እንደጻፈው፣ ራሳችንን የምናየው ሌሎች ሰዎች መስታወት ሆነውልን ነው። መጀመሪያ ለዚያ ሰው እንዴት እንደምንታየው እንገምታለን። ቀጥሎ ምን ብሎ እንደሚፈርድብን እንገምታለን። ከዚያ ኩራት ወይም እፍረት ይሰማናል። ሁለቱም ግምት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ጠርሙስ የሚያወዛውዘው ሰውዬ ስለ ቤት ኪራይ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ግን ፊቱን ስላላየችው ባዶውን ራሷ ትሞላዋለች፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ባዶ ቦታን በደግ ነገር አይሞላም።

ማርክ ሊሪና ባልደረቦቹ በ1995 ነገሩን ወደፊት ገፉት። ለራስ የሚሰጥ ግምት እንደ መኪና የነዳጅ መለኪያ ነው ይላሉ፤ የሚለካውም በሰዎች ዘንድ ያለንን ተቀባይነት ነው። መርፌው ሲወርድ የሚሰማን ሕመም «ከሰው ልትነጠል ነውና አንድ ነገር አድርግ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ባለሦስት እግር፣ የእናቶቹ ምርቃት የሚሠራው በዚሁ በኩል ይመስለኛል።

አሁን ወደ «ናቂያቸው» ልምጣ። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የሚባል ተመራማሪ አንድ ቀን ከውሻው ጋር መናፈሻ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚወራወሩት ፍሪዝቢ፣ ያ ክብ የፕላስቲክ መጫወቻ፣ አጠገቡ ወደቀ። አንሥቶ ወረወረላቸው፤ እነሱም መለሱለት። ጥቂት አብሮ ተጫወተ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ወደ እሱ መወርወሩን ተዉ። ስማቸውን የማያውቅ ሰዎች መጫወቻ ስለነፈጉት ያን ያህል መከፋቱ ራሱን አስገረመው። ቆይቶ ነገሩን ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ለወጠው። ተሳታፊው ከሁለት ሰዎች ጋር ኳስ የሚቀባበል ይመስለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ኳሱ ወደ እሱ መምጣቱን ያቆማል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሰዎች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት መውረዱን ይናገራሉ። በ2004 በወጣው ጥናት ለተሳታፊዎች «የምትጫወቱት ከኮምፒውተር ጋር ነው» ተብሎ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ እንደዚያም ሆኖ ተከፉ። በ2007 ደግሞ ኳሱን የነፈጓቸው የኩ ክሉክስ ክላን ደጋፊዎች መሆናቸው ተነገራቸው፤ ተሳታፊዎቹ የሚጠየፉት የዘረኞች ቡድን ነው። አሁንም ከፋቸው።

እንግዲህ የምንንቀው ሰው ሲንቀን እንኳ ያመናል ማለት ነው። እኅቴ፣ ልጅቷን «ናቂያቸው» ስትያት ከሐሳብ የሚቀድመውን ስሜት በሐሳብ እንድታስቆመው ነው የጠየቅሻት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን፣ ማለትም ሌሊት ተኝታ የምታመላልሰውን ማገዝ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ ባደረገው ሙከራ እናት ከጥቂት ወር ሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ ለአጭር ጊዜ ፊቷን ድርቅ እንድታደርግ ይነገራታል። አትቆጣም፣ አትናገርም፤ ዝም ብሎ ምንም የማይነበብበት ፊት ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል። እምቢ ስትለው ፊቱን ያዞራል፣ ሰውነቱ ይኮማተራል። ያ ሕፃን አንድም ክፉ ቃል አልሰማም።

ቀና በል

ሰላም ለሁላችሁ። በተለያዩ ድርጅቶች በራስ መተማመን ላይ ሥልጠና እሰጣለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመግባባታችን 93 በመቶው የሚከናወነው በሰውነት እንቅስቃሴና በድምፅ ነው፤ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁለት ደቂቃ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ደረቷን ነፍታ ትቁም፤ የሰውነቷ ሆርሞን ይለወጣል። በመስታወት ፊትም «እኔ የምወደድ፣ ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ» እያለች ትድገም። ደንበኛን ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያየች ትናገር። በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሰው ትሆናለች።

ቁጥር መርማሪ

ወንድሜ፣ ሙያህን ለመንካት አይደለም፤ ነገር ግን ከጠቀስሃቸው ውስጥ የቆመ ጥቂት ነው።

93 በመቶው ከአልበርት መህራቢያን የ1967 ጥናቶች የመጣ ነው። በአንዱ ሙከራ ሰዎች እንደ «ምናልባት» ያለ ነጠላ ቃል በተለያየ ድምፅ ይሰማሉ፣ ፎቶግራፍ ያያሉ፤ ተናጋሪው መውደዱን ወይም መጥላቱን እንዲገምቱ ይጠየቃሉ። ድምፁና ፊቱ ሲጋጩ ሰው ይበልጥ ፊቱን ያምናል ነው ውጤቱ። ቁጥሩ ለስሜትና ለአመለካከት ብቻ እንደሚያገለግል መህራቢያን ራሱ ተናግሯል። 93 በመቶው በሰውነት ቢሆንማ ይህን ሁሉ መጻፍ ምን አደከመን?

ወገብ ይዞ የመቆሙ ምክር የመነጨው በ2010 በ42 ሰዎች ላይ ከተደረገ ሙከራ ነው፤ ሆርሞን ይለወጣል ያለውም እሱ ነው። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች በ200 ሰዎች ላይ ደገሙት። ሰዎቹ ብርታት እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ በሆርሞናቸውም ሆነ በድፍረታቸው ላይ ግን ለውጥ አልተገኘም። በ2016 የመጀመሪያው ጥናት ቀዳሚ ጸሐፊ ዳና ካርኒ ውጤቱን ከዚህ በኋላ እንደማታምንበት በይፋ ጻፈች።

ሦስተኛው ግን ከከንቱነት አልፎ የሚጎዳ ነው። በ2009 የወጣ የካናዳ ጥናት ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲደግሙ አደረገ። ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ያላቸው ጥቂት ደስ አላቸው። ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ካልደገሙት ይልቅ ባሰባቸው። አንድ ሰው የማያምነውን ስለ ራሱ ሲናገር ልቡ ተቃራኒውን ማስረጃ መቁጠር ይጀምራል መሰል። ያቺን ልጅ መስታወት ፊት አቁመን በገዛ አፏ እንድትከራከር እናድርጋት?

የአሮጌ ገበያው

ይህን ሰውዬ ወደድሁት።

ዓይን ዓይኑን እያየች የሚለውን ደግሞ እኔ ልመልስ። በእኛ አስተዳደግ ለታላቅ አንገት ደፍቶ መናገር ጨዋነት ነው። ዕቃ ስታቀብል ቀኝ እጅህን በግራህ ደገፍ ታደርጋለህ፤ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫህ ትነሣለህ። የገጠር ልጅ በአንድ ወር ሥልጠና ሽማግሌ ላይ ብታፈጥ ደንበኛው «ይህች ደፋር» ብሎ ይነሣል። ይህ ምክር የመጣበት አገር ሌላ፣ ሀዋሳ ሌላ።

ቀና በል

ጥናቶቹን እመለከታቸዋለሁ። ቀጥ ብሎ መቆም ግን ማንንም አልጎዳም፤ ሠልጣኞቼ ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት።

መምህርት

ጋሼ ያነሡት ትልቅ ነገር ነው። አንገት መድፋት በራሱ ምልክት አይደለም፤ ከአክብሮት የሚመጣ አለ፣ ከመሸማቀቅ የሚመጣ አለ፤ ሲያዩት አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ለማወቅ ሰውየውን በሁለት ቦታ ማየት ይጠይቃል። ለደንበኛ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ምሳ ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር ስትቀመጥ ቀና ካለች፣ ከቀለደች፣ ካኮረፈች፣ ወጥ ጨው በዝቶበታል ካለች ደኅና ናት፤ የደፋችው ለወጉ ነው። እዚያም ከደፋች ግን ሌላ ነገር አለ። እኅቴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንዴት ናት?

የሐይቅ ዳሯ

አብራን አትበላም። «ጠግቤያለሁ» ትልና ከቡና ማሽኑ ጀርባ ቆማ ቶሎ ትጨርሳለች። ሥራ ስለምትወድ ነበር የመሰለኝ።

ደንበኛ ነኝ

ሁላችሁም ደንበኛው ላይ ዘመታችሁ። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ ጭንቅላቴ ዞሮ ነው ምግብ ቤት የምገባው። ስልኬን የማየው አስተናጋጇን ለማዋረድ አይደለም። ማጨብጨብም ቢሆን ጠረጴዛው ሃያ፣ አስተናጋጁ ሦስት በሆነበት ቤት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ስሟን ብጠራ? ስሟን አላውቀውም። ደረቷ ላይ ስም ይለጠፍ ይባላል፤ ባለፈው አንድ ቤት እንደዚያ አድርገው ጎረምሶች አስተናጋጇን በስሟ እየጠሩ ሲያሽሟጥጧት ዐይቻለሁ። «አንቺ» ከማለት ያ የባሰ ነበር።

ባለሦስት እግር

ይህ እውነት ነው። እኔንም ስሜን ጠይቀው የሚቀልዱብኝ አሉ። ስም መጠራት ብቻውን ክብር አይሆንም።

የአላሙራ ልጅ

እኔ አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ነው። ከተማችን ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ በአንድ ገበያ የሚሰማባት ናት። ሳቁ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ነው የማየው። አማርኛን በሲዳምኛ ቃና የሚናገር ሰው ይሳቅበታል። ሲዳምኛን በአማርኛ ቃና የሚሰባብር ግን «ጎሽ፣ ሞከረ» ይባላል፤ ይጨበጨብለታል። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመናገሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ እሞክረው ነበር፤ ሞክሬ ስጨርስ ጥያቄው አልፏል። መምህሩም «ይህ ልጅ ዝምተኛ ነው» ይላል። ዝምተኛ አልነበርሁም፤ ሰፈር ውስጥ ወሬ የሚቀድመኝ አልነበረም።

ልጅቷ ሲዳምኛ ተናጋሪ ከሆነች አንድ ነገር ሞክሪ። ሲዳምኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ሲመጡ እሷን ላኪያት፤ እነሱ ከምግቡ በፊት የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ዝናቡ እዚያ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ። በሲዳማ ባህል በአፊኒ ሥርዓት ነገር ተሰምቶና ተመክሮበት ነው ወደ ውሳኔ የሚኬደው፤ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ትልቅ ቦታ አለው። ከእነዚያ ሰዎች ጠረጴዛ ስትመለስ ትከሻዋን እዪው።

ስፌት

በልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። አዳራሹ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ስለሚበዛ ቃል አይሰማም፤ ሁሉ ነገር በእጅና በፊት ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የዕለት እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። የተበላሸ ሥራ ሲመለስ አንዷ ተቆጣጣሪ ማሽኔ ላይ ትጥለዋለች፤ ሌላዋ ዝቅ ብላ የተሳሳተውን ስፌት በጣቷ እያሳየች ታስቀምጠዋለች። የሚፈታው ስፌት አንድ ነው፤ የሚወስደውም ጊዜ አንድ ነው። ከመጀመሪያዋ በኋላ ግን እጄ ይንቀጠቀጣልና ቀጣዩም ይበላሻል።

ሌላው ግን ስለ ምስጋና ነው። «ጎበዝ! አንደኛ!» እየተባለ በየሰዓቱ የሚጨበጨብልን ጊዜ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ማንም አልሰማውም፤ ላበላሸውም ለሠራውም እኩል ስለሚባል። አንድ ጊዜ ግን ተቆጣጣሪዋ ጠርታኝ «አንቺ የሰፋሽው ኮሌታ ዛሬ ከፍተሻ አንድም አልተመለሰም፤ ማዕዘኑን ስታዞሪ ማሽኑን የምታዘገዪው ነገር ጥሩ ነው» አለችኝ። አይታኛለች! ማዘግየቴን እኔ ራሴ ልብ አላልሁትም ነበር። ስለዚህ እትዬ፣ ለልጅቷ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አይበሏት፤ አታምንዎትም።

መምህርት

ስፌት የጻፈችው በጥናትም የታየ ነው። በ2014 ሆላንድ ውስጥ የተደረገ ሥራ እንዳሳየው፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ላላቸው ልጆች አዋቂዎች የተጋነነ ውዳሴ ይሰጣሉ፤ «ቆንጆ ሥዕል ነው» በማለት ፋንታ «በጣም የሚገርም ቆንጆ ሥዕል ነው» ይላሉ። እነዚያው ልጆች ከተጋነነው ውዳሴ በኋላ ከበድ ያለውን ሥራ ሸሹ። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነገር እንዳይወርድ መፍራት ይመጣል። በ1998 ሙለርና ድዌክ ያደረጉት ደግሞ «ብልህ ስለሆንህ ነው» የተባሉ ልጆች ቀጥሎ ሲወድቁ ቶሎ ተስፋ እንደሚቆርጡ፣ «ስለጣርህ ነው» የተባሉት ግን እንደሚቀጥሉ አሳይቷል።

ትእዛዝ ሳትጽፍ መያዟን ነግረሻት ታውቂያለሽ? ለእኛ ነው የነገርሽን።

የሐይቅ ዳሯ

አልነገርኋትም። ነገ እነግራታለሁ።

ስለ ማጨብጨቡ አንድ ማስታወቂያ ልለጥፍ አስቤ ነበር፤ «እባክዎን አስተናጋጆቻችንን በማጨብጨብ አይጥሩ» የሚል። ባለቤቱ «ደንበኛ ልታባርሪ ነው» ብሎ ከለከለኝ። ጠረጴዛዎቹን ለሦስቱ ልጆች ማከፋፈልና እያንዳንዷ በየጊዜው የራሷን እየዞረች እንድታይ ማድረግ ይሻላል ብዬ ጀምሬያለሁ። ማንም ሰው እስኪያጨበጭብ አይቆይም።

ባለሦስት እግር

እትዬ፣ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ሲያሳስበኝ ነበር። ይህን ሁሉ ስንመክር ልጅቷን ራሷን የጠየቃት አለ? እኔን የሚያናድደኝ በመስታወት የሚያዩኝ ናቸው፤ ጓደኛዬን ደግሞ ይህ ጭራሽ አይሰማውም፣ የሰጣቸውን የገንዘብ መልስ ሲቆጥሩበት ነው የሚጋጨው። እሷን የጎዳት እኛ የመሰለን ላይሆን ይችላል።

የሐይቅ ዳሯ (ረቡዕ ማታ)

ጠየቅኋት። ቤት ከተዘጋ በኋላ፣ አጠገቧ ተቀምጬ። መጀመሪያ ትእዛዝ አያያዟን ነገርኋት። «የሰኞዎቹን ስምንት ሰዎች ምንም ሳታምታቺ ነው ያስተናገድሽው፤ እኔ ጽፌ እንኳ እሳሳታለሁ» ስላት «የተቀመጡበትን ቦታ ነው የምይዘው፣ ፊታቸውን አይደለም» አለችኝ። እንዴት እንደምታደርገው ስታስረዳኝ እጇ ከአፏ ወርዶ ነበር።

ከዚያ ስለ ደንበኞቹ ጠየቅኋት። አጨብጫቢዎቹ እምብዛም አይደንቋትም። «ጥሪ ነው እትዬ፣ እኛም አገር ከብት ስንጠብቅ ከሩቅ እንደዚያ ነው የምንጠራራው» ብላ ሳቀችብኝ። ጠርሙስ የሚያወዛውዙትም እንደዚያው፤ «ይሄዳሉ» አለች።

የማይሄደው ገንዘብ ተቀባያችን ነው። ትእዛዝ ይዛ ስትመጣ ቀና ብሎ አያያትም፤ የተናገረችውን በእሷው ቃና ይደግመዋል፣ ወጥ ቤቶቹ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ባትስቅ «ኩርፍተኛ» እንዳይሏት። ቀን ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ትእዛዝ። ምሳ አብራ የማትበላውም ለዚህ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ የሠራተኛ ለቅሶ የማይቀርበት ነው። እሷን መውደዱ ይመስለዋል።

መምህርት

የእንግዳ ፊት በቀን አንዴ ያልፋል። ነገ ተመልሳ የምታገኘው ሰው ፊት ግን መኖሪያዋ ነው። ሳቁ ደግሞ ልማድ ስለሆነ ስድብ ተብሎ ሊከሰስ አይችልም፤ ባለሦስት እግር በመጀመሪያ ቀን የጻፈው ነው።

የአላሙራ ልጅ

ወጥ ቤቶቹንም አትርሺ። ሰሚ ባይስቅለት ቀልዱ ሁለት ቀን አይቆይም። ደግሞ «አብራ ትስቃለች» ያልሽው ነገር! ስንት ዓመት አብሬ ስቄያለሁ።

የሐይቅ ዳሯ

ቅዳሜ የሠራተኞች ስብሰባ አለን። እዚያ ላይ በግልጽ ላነሣው አስቤያለሁ። ምን ብዬ ልጀምር?

ስፌት

እትዬ፣ ስብሰባ ላይ አያንሡት። በሰው ፊት ቢገሥጹት ነገ የሚከፍለው እሷ ናት፤ «አሳበቀችብኝ» ይላል። ደግሞ እሱንም ሰው ፊት ማሸማቀቅ ምን ይጠቅማል?

የአሮጌ ገበያው

ልክ ናት። ስሚኝ ልጄ፤ ሠላሳ ሠራተኛ አሳልፌያለሁ። ሒሳቡን ዘግቶ ሲጨርስ ጥሪው። ቁመሽ አታናግሪው፤ አስቀምጪው፣ ቡና ይቅረብላችሁ። «ለምን ታደርጋለህ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «አላደረግሁም» ይልሻል። «ትእዛዝ ስታመጣልህ ምን ብለህ ነው የምትቀበላት?» በይው። ራሱ ይንገርሽ። ሲነግርሽ አትሳቂ፣ አትቆጪም፤ ዝም ብለሽ እዪው። ጨዋ ልጅ ከሆነ ድምፁ መሐል ላይ ይወርዳል። ከዚያ «ከነገ ጀምሮ ቀና ብለህ ተቀበላትና ትእዛዙን በራስህ አነጋገር ድገምላት፤ እንዳንሳሳት» በይው። ሥራ አድርገሽ ስጪው እንጂ ቅጣት አድርገሽ አትስጪው። ለወጥ ቤቶቹም ለየብቻ።

ቁጥር መርማሪ

ጋሼ፣ ከሰኞ ወዲህ ብዙ ተጉዘዋል።

የአሮጌ ገበያው

የትም አልተጓዝሁም። ሰኞ የተነገረኝ ደንበኛ አጨበጨበባት ተብሎ ነው፤ እሱ ዛሬም የሥራው ጠባይ ነው። ይህ የቤት ጉዳይ ነው።

የሐይቅ ዳሯ

ይሁን ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ነገ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ።

የአሮጌ ገበያው

ቡናውን ግን እሷ እንዳታቀርበው።